ጥያቄ አለኝ፦ የወባ ተህዋሲ ያለ ምን መኖር አይችልም?

መስቀል ካለፈ ወዲህ ለዚህ ዓምድ የሚመጣው ጥያቄ አብዛኛው ስለ ወባ ነው። አይገርምም። አዳማ፣ ወንጂ፣ ቆቃ፣ መተሃራ፣ በአዋሽ ዳር ያለ ሰው ሁሉ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ድረስ ትኩሳት ሲነካው መጀመሪያ የሚጠረጥረው ወባን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ከጃንዋሪ እስከ ኦክቶበር 20 ባለው ጊዜ ብቻ በአገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ የወባ ሕሙማን ተመዝግበዋል፤ ከ1,100 በላይ ሰዎችም ሞተዋል። ስለዚህ ዛሬ ዓምዱን ሙሉ በሙሉ ለወባ ሰጥቼዋለሁ። ስለ አጎበርና ስለ ርጭት የጠየቃችሁኝን ለሌላ ጊዜ አቆይቻለሁ። ዛሬ የመረጥኩት ስለ መድኃኒቱና ስለ ተህዋሲው አኗኗር የተጻፉትን ነው፤ ሲታዩ የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ሁሉም የሚያርፉት አንድ ጥያቄ ላይ ነው፦ ይህ ተህዋሲ ያለ ምን መኖር አይችልም?

«የተወለድኩት ወንጂ ነው። ልጅ ሳለሁ ወባ ሲይዘን ክሎሮኪን እንውጥ ነበር፤ ምሬቱ አሁንም አፌ ላይ አለ። የመጨረሻ ልጄን ሳሳድግ ፋንሲዳር ሆነ። አሁን ደግሞ ለልጅ ልጆቼ ኮአርተም ይሰጣቸዋል። በሽታው ያው ነው፤ መድኃኒቱ ለምንድን ነው እንዲህ የሚቀያየረው? ንግድ ነው የሚሉ አሉ።» (አያት፣ ወንጂ)

እናቴ፣ ንግድ አይደለም። ተህዋሲው መድኃኒቱን እየተላመደው ነው። እንዴት እንደሚላመድ ለመረዳት ግን መድኃኒቶቹ ምኑን እንደሚመቱት ማወቅ ይጠይቃል። ትንሽ ረዘም ላድርገው፣ ይታገሱኝ።

ተህዋሲው ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። እዚያ የሚያገኘው ምግብ በዋናነት ሂሞግሎቢን ነው፤ ደማችንን ቀይ የሚያደርገውና ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ከ60 እስከ 80 በመቶ የሚሆነውን ይበላዋል። ችግሩ ሂሞግሎቢን ሲፈጭ ሄም የሚባል ብረት ያለበት ነገር መትረፉ ነው። ሄም ደግሞ ለተህዋሲው መርዝ ነው። ተህዋሲውም ሄሙን እርስ በርሱ እያያዘ ወደማይሟሟ ቡናማ ጥቁር ክሪስታል ይለውጠዋል፤ ስሙ ሄሞዞይን ነው። ይህ ጥቁር ነጥብ በማይክሮስኮፕ በግልጽ ይታያል። ፈረንሳዊው ሐኪም ላቬራን እ.ኤ.አ. በ1880 አልጄሪያ ውስጥ የወባን ተህዋሲ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየው ይህንኑ ጥቁር ነገር እየተከታተለ ነበር።

ክሎሮኪን ሄሙ ላይ ይለጠፍና ክሪስታል እንዳይሆን ይከለክለዋል። በርና መስኮት ዘግቶ ከሰል ያነደደ ሰው ምን እንደሚሆን ያውቁታል፤ ተህዋሲውም በገዛ ምግቡ ጭስ ታፍኖ ይሞታል። እኛ በዚህ መንገድ ሂሞግሎቢን አንበላም፣ ሄሞዞይንም አንሠራም። ለዚህ ነው ክሎሮኪን ተህዋሲውን ሲገድል እኛን የማይገድለን። በጣም ግሩም መድኃኒት ነበር፣ ርካሽም ነበር።

ታዲያ ምን ተፈጠረ? ሂሞግሎቢን የሚፈጭበት ከረጢት ግድግዳ ላይ አንድ ማስተላለፊያ ፕሮቲን አለ። በዚህ ፕሮቲን 76ኛ ቦታ ላይ ያለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ጡብ ማለት ነው) የተቀየረባቸው ተህዋስያን ክሎሮኪኑን ከከረጢቱ ወደ ውጭ መግፋት ቻሉ። መድኃኒቱ ገብቶ ሳይሠራ ይወጣል ማለት ነው። እነዚያ ተርፈው ተባዙ፣ ሌሎቹ አለቁ።

ፋንሲዳር ሌላ ቦታ ነው የሚመታው። አንድ ኪኒን ይምሰል እንጂ ውስጡ ሁለት መድኃኒት አለ፣ ሰልፋዶክሲንና ፒሪሜታሚን። የሚመቱት ተህዋሲው ፎሌት የሚባለውን ቫይታሚን የሚሠራበትን መንገድ ነው። ፎሌት ከሌለ ዲኤንኤ አይሠራም፣ ዲኤንኤ ካልተሠራ መባዛት የለም። እኛ ፎሌትን ከጎመን፣ ከምስር፣ ከባቄላ እናገኛለን፤ ተህዋሲው ግን ራሱ ከመሠረቱ ይሠራዋል። ሰልፋዶክሲን የሚዘጋው ኢንዛይም (ኬሚስትሪውን የሚያከናውን ፕሮቲን) በሰው አካል ውስጥ ጭራሽ የለም። ፒሪሜታሚን የሚዘጋው እኛም ጋ አለ፤ ቅርጹ ስለሚለይ ግን መድኃኒቱ የተህዋሲውን አጥብቆ ሲይዝ የእኛን እምብዛም አይነካም። ይህም ቢሆን አልዘለቀም። ኢንዛይሙ 108ኛ ቦታው ላይ ሲቀየር ፒሪሜታሚን ላላ፣ 51ኛውና 59ኛው ሲጨመሩበት መያዝ ይበልጥ አቃተው። በአገራችን ፋንሲዳር ክሎሮኪንን የተካው እ.ኤ.አ. በ1998 ነበር። በ2004 ደግሞ ፋንሲዳር በኮአርተም ተተካ። ስድስት ዓመት ብቻ!

አንድ ነገር ልጨምርልዎት፣ ደስ የሚል ነገር ነው። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ክሎሮኪንን ሙሉ በሙሉ አቆመች። ከአሥር ዓመት በላይ ቆይቶ በሕሙማን ላይ እንደገና ሲሞከር ከሞላ ጎደል ሁሉንም አዳነ። ለምን? ያ 76ኛው ለውጥ ለተህዋሲው ሸክም ስለሆነ ነው፤ መድኃኒቱ በሌለበት ያልተቀየሩት ተሽለው ይባዛሉ። እኛ አገር ግን ክሎሮኪን ለሌላኛው የወባ ዓይነት፣ ለፒቪ፣ መሰጠቱን ስላላቆመ ጫናው ከላዩ አልተነሳም።

«የአራት ዓመት ልጄ በወባ ተይዞ ሳለ ራሱን ሳተ። ጤና ጣቢያ ስናደርሰው ነርሷ የወባውን መድኃኒት ሳትጀምር ቶሎ ብላ ስኳሩን ለካችና በደም ሥሩ ግሉኮስ ሰጠችው፤ ዓይኑን ገለጠ። ልጄ የስኳር በሽታ የለበትም። ነገሩ ምንድን ነው?» (አባት፣ አዳማ)

እንኳን ተረፈላችሁ። ነርሷ ያደረገችው ልክ ነው፣ ፈጥናም ነው የደረሰችለት።

በደም ውስጥ ያለው ተህዋሲ ጉልበቱን የሚያገኘው ከሞላ ጎደል ከግሉኮስ ብቻ ነው። የሚያስቀምጠው ጥሪት የለውም፤ ሲያገኝ ይበላል፣ ሲያጣ ይሞታል። ተህዋሲው ያለበት ቀይ ሕዋስ ጤነኛው ከሚወስደው በብዙ አሥር እጥፍ የሚበልጥ ግሉኮስ ይስባል። የሚያቃጥለውም እስከ መጨረሻው አይደለም፤ ላክቴት ላይ ሲደርስ ይተወዋል። ስለዚህ ስኳሩ ያልቃል፣ ደሙም በላክቴት አሲዳማ እየሆነ ይሄዳል። በዚያ ላይ የታመመ ሕፃን አይበላም፣ የጉበቱም ጥሪት ትንሽ ነው። ኩዊኒን የሚባለው የቆየው የወባ መድኃኒት ደግሞ ኢንሱሊን እንዲጨምር ስለሚያደርግ ስኳርን ይብሱን ዝቅ ያደርገዋል፤ የድሮ ሐኪሞች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል።

ተመራማሪዎችም ዓይናቸውን የጣሉበት መንገድ ነው። ተህዋሲው ግሉኮስ የሚያስገባበት ዋና በር አንድ ፕሮቲን ነው፤ የዚህ ፕሮቲን ቅርጽ እ.ኤ.አ. በ2020 በዝርዝር ታውቋል። በሩን መዝጋት ማስራብ ነው። አስቸጋሪው ነገር የእኛ አንጎልና ቀይ ሕዋስ ግሉኮስ የሚያስገቡበት በር ከዚህ ጋር መመሳሰሉ ነው። የተህዋሲውን ዘግቶ የእኛን የማይነካ ነገር ማግኘት ነው ፈተናው።

ወላጆች ሁሉ፣ እባካችሁ ይህን ያዙልኝ፦ ወባ የያዘው ልጅ መብላት ካቆመ፣ ከፈዘዘ፣ ካንቀጠቀጠው፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ራሱን ለሳተ ልጅ ደግሞ በአፉ ውሃም ሆነ ወተት አታንቆርቁሩ፣ ትን ይለዋል። ይዛችሁት ሩጡ።

«የላብራቶሪ ባለሙያ ነኝ። አርዲቲው ኔጌቲቭ ብሎኝ ብለድ ፊልም ስሠራ ፒኤፍ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ኪቱ ተበላሽቶ ነው?» (አዳማ)

(ለሌሎቻችሁ፦ አርዲቲ ቶሎ ውጤት የሚሰጠው የወባ መመርመሪያ ኪት ነው፤ ብለድ ፊልም ደግሞ ደም በመስታወት ላይ ቀብቶ በማይክሮስኮፕ ማየት ነው።) ሙቀት ያበላሸው ኪት ይኖራል፤ መጀመሪያ አቀማመጡንና ጊዜው ያለፈ መሆን አለመሆኑን እይ። ግን ሌላም ነገር አለ፤ ለዛሬው ርዕሳችን ከእሱ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ብዙዎቹ ኪቶች ፒኤፍን፣ ፋልሲፓረም የሚባለውን የወባ ዓይነት፣ የሚለዩት ኤችአርፒ2 በሚባል ፕሮቲን ነው። ተህዋሲው ይህን ፕሮቲን በብዛት ወደ ደም ይለቃል፣ ስለዚህ ለምርመራ ይመቻል። ነገር ግን ተህዋሲው ያለ ኤችአርፒ2 መኖር ይችላል። ስለሚችልም ጂኑን ከነጭራሹ የጣሉ ተህዋስያን በኤርትራና በኢትዮጵያ ተገኝተዋል። ኪቱ ያያቸዋል ብለን እንጠብቃለን፣ እነሱ ግን ሳይታዩ ያልፋሉ፤ ሕሙሙም «ወባ የለብህም» ተብሎ ይመለሳል። መድኃኒት ስላልተሰጠው ትንኟ ከእሱ ደም ወስዳ ያንኑ ዓይነት ታሰራጫለች። የዓለም ጤና ድርጅት በዚህ ምክንያት የሚያመልጡት ሕሙማን ከ5 በመቶ ካለፉ ኪት መቀየር አለበት ይላል።

በምን ይቀየር? ኤልዲኤች በሚያይ ኪት። ኤልዲኤች ቀደም ብዬ ለአባትየው ያልኩት ላክቴት የሚሠራበት ኢንዛይም ነው። ደም ውስጥ ያለ ተህዋሲ ግሉኮስ ሳይበላ አይውልም፣ ግሉኮስ ከበላ ኤልዲኤች ያስፈልገዋል። እንደ ኤችአርፒ2 ጥሎት መሄድ አይችልም። ምርመራም እንደ መድኃኒት ነው፤ ተህዋሲው ሊተወው የሚችለውን ነገር የሙጥኝ ብለን ከያዝን አንድ ቀን ጥሎት ይሄዳል። ወንድሜ፣ ምልክቱ እያለ አርዲቲው ኔጌቲቭ ሲል ብለድ ፊልም መሥራትህን እንዳትተው። ያየኸውንም ለበላይህ አሳውቅ፣ መረጃው የሚሰበሰበው ከእንዳንተ ዓይነቱ ሰው ነው።

«ባጃጅ ነው የምሠራው። ባለፈው ፒቪ ነው ተብዬ መድኃኒቴን በሥርዓቱ ጨረስኩ፣ ዳንኩ። ሁለት ወር ሳይሞላኝ ደግሞ ያዘኝ፣ ያውም ፒቪ። መድኃኒቱ ፎርጂድ ነው አይደል?»

ላይሆን ይችላል ወንድሜ። ፒቪ፣ ሙሉ ስሙ ቫይቫክስ፣ ከፒኤፍ የሚለይበት መጥፎ ጠባይ አለው። ከትንኟ ከገባው ውስጥ የተወሰነው ጉበት ውስጥ ገብቶ ይተኛል። አይበላም ማለት ይቻላል፣ አይባዛም። ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ነቅቶ ወደ ደም ይወጣል። ክሎሮኪንም ኮአርተምም ደም ውስጥ ያለውን ይገድላሉ፤ የተኛውን ግን አይነኩትም። አያቲቱን ስመልስ እንዳልኩት ክሎሮኪን የሚሠራው ሂሞግሎቢን እየበላ ባለ ተህዋሲ ላይ ነው። ጉበት ውስጥ የተኛው ምን ሂሞግሎቢን ይበላል?

የተኛውን የሚገድለው ፕሪማኪን ነው፣ 14 ቀን የሚዋጥ። ተሰጥቶህ ነበር? ተሰጥቶህ «ተሽሎኛል» ብለህ በአምስተኛው ቀን ተውከው? ብዙ ሰው የሚያደርገው ይህንን ነው፤ አልፈርድባቸውም፣ ደህና እየተሰማህ ሁለት ሳምንት መዋጥ ከባድ ነው። ግን መጨረስ አለበት። ጂ6ፒዲ የሚባል ኢንዛይም በተፈጥሮ ያነሰባቸው ሰዎች ፕሪማኪን ሲወስዱ ቀይ ሕዋሳቸው ሊፈርስ ይችላል፤ ሽንትህ እንደ ኮካ ከጠቆረ ወይም ዓይንህ ቢጫ ከሆነ አቁመህ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ሂድ። ነፍሰ ጡሮች ደግሞ አይወስዱትም።

«እኛ ቤት ፌጦና ነጭ ሽንኩርት አይጠፋም። ጎረቤታችን ደግሞ አርቴሚሲያ ተክላ ቅጠሉን እንደ ሻይ ታፈላለች። ከኮአርተም ጋር አንድ ነው ትለናለች።» (እህታችሁ ከአዳማ)

ፌጦውን ለምግብነት ብሉት፣ እኔም እወደዋለሁ። ወባ ግን አያድንም።

አርቴሚሲያ ሌላ ታሪክ ነው፤ ጎረቤትሽ ከመሬት ተነስታ አይደለም ያወራችው። ቻይናዊቷ ቱ ዩዩ እ.ኤ.አ. በ1967 በተጀመረ የመንግሥት ፕሮጀክት ውስጥ ሠርታ ከዚህ ተክል አርቴሚሲኒንን አወጣች፤ እ.ኤ.አ. በ2015 የኖቤል ሽልማት አገኘችበት። ኮአርተም ውስጥ ያለው አርቴሜተር የእሱ ልጅ ነው። ግን ሻዩ ውስጥ ስንት እንዳለ ማን ያውቃል? ቅጠሉ ይለያያል፣ አፈላሉም ይለያያል። መጠኑ ሲያንስ ደካሞቹ ተህዋስያን ይሞቱና ጠንካሮቹ ይተርፋሉ፤ ትኩሳቱ ይበርድና ሰውየው የዳነ ይመስለዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ሻዩን የማይደግፈው ለዚህ ነው። እህቴ፣ ጎረቤትሽን በቀስታ ንገሪያት፣ በተለይ ለሕፃናት እንዳትሰጥ።

«ኮአርተምም እንደ ሌሎቹ ሊያበቃለት ነው ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ከዚያ በኋላስ ምን አለን?» (የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህር)

አላበቃለትም፤ ግን መንቃት አለብን። እንዴት እንደሆነ ልንገርዎት፣ ለተማሪዎችዎም ይሆናል።

አርቴሚሲኒን ብቻውን ሥራ የፈታ ነገር ነው። የሚቀሰቅሰው ያ ከሂሞግሎቢን የተረፈው ሄም ውስጥ ያለው ብረት ነው። ከተቀሰቀሰ በኋላ ያገኘውን ፕሮቲን ሁሉ ያበላሻል። አንድ ኢንዛይም ሳይሆን ብዙ ነገር ስለሚመታ ተህዋሲው አንድ ቦታ ቀይሮ ማምለጥ አይችልም ተብሎ ተስፋ ተደርጎ ነበር። ተህዋሲው ግን ሌላ ዘዴ አገኘ። ኬልች13 የሚባለው ፕሮቲን ሲቀየር ገና በቀለበት ቅርጽ ላይ ያለው ለጋ ተህዋሲ የሚውጠውን ሂሞግሎቢን ይቀንሳል። ትንሽ ከበላ ትንሽ ሄም ይተርፋል፣ ትንሽ ሄም ካለ መድኃኒቱ በደንብ አይቀሰቀስም። ያን ጊዜ እየጾመ ያሳልፈዋል! መድኃኒቱ ደግሞ ደም ውስጥ የሚቆየው ለጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ ሲያልፍ ተህዋሲው ተመልሶ መብላት ይጀምራል። ይህ መጀመሪያ የታወቀው በካምቦዲያ ነው። አሁን አፍሪካ ውስጥም አለ፤ በሩዋንዳ 561ኛው፣ በኡጋንዳ 675ኛው፣ በእኛና በኤርትራ ደግሞ 622ኛው ቦታ ላይ የተቀየሩ ተህዋስያን ተገኝተዋል። በአገራችን በተለይ በሰሜኑ ክፍል ነው የታየው።

ኮአርተም አሁንም የሚሠራው ሁለተኛው መድኃኒት፣ ሉሜፋንትሪን፣ ለቀናት ደም ውስጥ ቆይቶ የተረፈውን ስለሚለቅም ነው። ለዚህ ነው ስድስቱንም ጊዜ፣ በሦስት ቀን ውስጥ፣ ጨርሱ የሚባለው። ሉሜፋንትሪን ያለ ቅባት ወደ ደም በደንብ አይገባም። ባዶ ሆድ ላይ በውሃ መዋጥ ግማሹን መጣል ነው ብል አላጋነንኩም፤ ከወተት፣ ከእንቁላል ወይም ቅቤ ካለበት ምግብ ጋር ይሁን። በጾም ከሆነ ዘይት ያለው ሽሮ ወይም ኑግ ይሠራል።

ከዚያ በኋላ ምን አለ ላሉኝ፦ ሲፓርጋሚን የሚባል በሙከራ ላይ ያለ መድኃኒት ተህዋሲው ሶዲየም የሚያወጣበትን ፓምፕ ይዘጋል። ፓምፑ ሲቆም ውስጡ በሶዲየም ይሞላል። ጋናፕላሲድ የሚባለው ደግሞ ከሉሜፋንትሪን ጋር ተዳምሮ በትልቅ የሰው ሙከራ ውስጥ አልፏል። ሁለቱም ከአሁኖቹ በተለየ መንገድ ነው የሚመቱት፤ ዋጋቸውም እዚያ ላይ ነው። ኬልች13ን ቀይሮ ያመለጠ ተህዋሲ የሶዲየም ፓምፑን ይዞ ነው ያለው።

«የፋርማሲ ተማሪ ነኝ። ለመመረቂያ ጽሑፌ የወባ ተህዋሲ የፋቲ አሲድ መንገድን መርጬ ነበር። ትራይክሎሳን ይህን መንገድ ዘግቶ ተህዋሲውን ይገድላል የሚል አንብቤያለሁ። አማካሪዬ ግን "ይሄ የሞተ ሐሳብ ነው" አለኝ። ለምን? ሌላ ምን ልምረጥ? የረባ ላብራቶሪ የለኝም።» (አዳማ)

በዚህ ደብዳቤ በጣም ደስ ብሎኛል፤ ስለዚህ ሳልቆጥብ እመልስልሃለሁ።

ተህዋሲው ውስጥ አፒኮፕላስት የሚባል ትንሽ አካል አለ። ባለ አራት ሽፋን ነው፣ የራሱ ትንሽ ዲኤንኤም አለው። መነሻው አልጌ ነው፤ ከብዙ ሚሊዮን ዓመታት በፊት የወባ ቅድመ አያት አልጌ ዋጠና ሳይፈጨው ቀረ። አሁን ብርሃን አይሰበስብም፣ ግን የዕፅዋትና የባክቴሪያ ዓይነት ኬሚስትሪ ይሠራል። እኛ አፒኮፕላስት የለንም። ስለዚህ እዚያ ውስጥ ያለ ኢንዛይም ሁሉ ለመድኃኒት ፈላጊ ምራቅ ያስውጣል። ፋቲ አሲድ (ስብ የሚገነባበት ነገር) የሚሠራውም እዚያ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2001 ትራይክሎሳን፣ ሳሙናና የጥርስ ሳሙና ውስጥ ይገባ የነበረው፣ የዚህን መንገድ አንድ ኢንዛይም ዘግቶ ተህዋሲውን ይገድላል ተባለ። ጉጉቱ ትልቅ ነበር። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ኢንዛይሙን ከተህዋሲው ጂን ውስጥ ነቅለው አወጡት። ተህዋሲው ደም ውስጥ ምንም አልሆነም፣ እየተባዛ ቀጠለ። ፋቲ አሲዱን ከሰው ደም ይወስዳል ማለት ነው። ትራይክሎሳኑም ይገድል የነበረው በሌላ በኩል ነበር። ያ መንገድ የሚያስፈልገው ጉበት ውስጥ ላለው ደረጃ ነው። አማካሪህ «የሞተ» ያለው ለዚህ ነው፤ እኔ ግን ትንሽ አለዝበዋለሁ፦ የታመመን ሰው ለማዳን ሞቷል፣ ለመከላከያ መድኃኒት አልሞተም።

ይህን ልብ በል። «አስፈላጊ መንገድ» ሲባል ሁልጊዜ ጠይቅ፦ በየትኛው ደረጃ? ጉበት ውስጥ፣ ደም ውስጥ፣ ወይስ ትንኝ ውስጥ? አቶቫኮን የሚባለው መድኃኒት ይህን ጥያቄ ደስ በሚል መንገድ ያሳያል። የሚመታው ሚቶኮንድሪያውን፣ የሕዋስ ጉልበት ማመንጫ የሚባለውን፣ ነው። ደም ውስጥ ያለ ተህዋሲ ጉልበት ከሚቶኮንድሪያ አይፈልግም፣ ግሉኮስ ይበቃዋል። የሚፈልገው ለአንድ ነገር ነው፦ ፒሪሚዲን ለሚሠራው ኢንዛይም። ፒሪሚዲን የዲኤንኤ ግማሽ ነው፤ ተህዋሲው ከውጭ መውሰድ አይችልም፣ ራሱ መሥራት አለበት። ፒዩሪን የሚባለውን ሌላውን ግማሽ ደግሞ በተቃራኒው መሥራት አይችልም፣ ከእኛ ይሰርቃል። አቶቫኮንን የተላመዱ ተህዋስያን በቶሎ ይነሳሉ። ነገር ግን ለውጡ ትንኝ ውስጥ ሲገቡ ያንቃቸዋል፤ እዚያ ሚቶኮንድሪያው በሙሉ ጉልበቱ መሥራት አለበትና። በሙከራ ሲታይ ወደ ሌላ ሰው መተላለፍ አቅቷቸዋል። ሰውየው ላይ ያመለጠው ትንኟ ላይ ተያዘ!

ወደ አፒኮፕላስት ልመለስ። ደም ውስጥ ላለው ተህዋሲ ከአፒኮፕላስት የሚያስፈልገው ምንድን ነው? እ.ኤ.አ. በ2011 ሁለት ተመራማሪዎች መልሱን በሚያምር ሙከራ አሳዩ። አፒኮፕላስቱን በመድኃኒት አጠፉት፤ ከዚያ አይፒፒ የሚባለውን አንድ ሞለኪውል ከውጭ ጨመሩለት። ተህዋሲው ያለ አፒኮፕላስት ኖረ። ከዚያ ሁሉ ኬሚስትሪ ደም ውስጥ የግድ የሚያስፈልገው አይፒፒ ብቻ ነበር። ይህን ሞለኪውል እኛም እንሠራለን፣ ግን ፍጹም በተለየ መንገድ። የተህዋሲውን መንገድ ፎስሚዶማይሲን የሚባል መድኃኒት እንደሚዘጋው እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ ይታወቃል። ሕሙማን ላይ ሲሞከር ትኩሳቱን በቶሎ አበረደ፤ ከሰውነት ቶሎ ስለሚወጣ ግን ወባው ተመልሶ መጣ። ስለዚህ መንገዱ ትክክል ነው፣ መድኃኒቱ ገና ነው። እኔ ብሆን እዚህ ላይ ነበር የምቀመጠው።

ዶክሲሳይክሊንና ክሊንዳማይሲንም የሚሠሩት አፒኮፕላስት ላይ ነው፤ ፕሮቲን የሚሠራበትን ያቆሙታል። የሚገርመው የተመታው ተህዋሲ ወዲያው አይሞትም። ይባዛል፣ ልጆቹ ግን የሚሠራ አፒኮፕላስት አይወርሱም፣ የሚሞቱት እነሱ ናቸው። አንዱ ዙር 48 ሰዓት ነው፤ ስለዚህ መድኃኒቱ ዘግይቶ ይደርሳል። ለዚህ ነው እነዚህ ብቻቸውን ለታመመ ሰው የማይሰጡት። ይህ ራሱ አንድ ምዕራፍ ይሆንሃል።

ላብራቶሪ የለኝም ላልከው፦ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት አለህ? የፒኤፍ ሙሉ ጂኖም እ.ኤ.አ. በ2002 ታትሟል፤ 14 ክሮሞሶም፣ ከ5,000 በላይ ጂን። በ2018 ደግሞ ጂኖቹን በየተራ እየሰበሩ ያለ የትኛው መኖር እንደማይችል የፈተሸ ሥራ ወጥቷል፤ ደም ውስጥ ላለው ደረጃ የሚያስፈልጉት ከ2,600 በላይ ሆነው ተገኙ። ይህ ሁሉ ፕላስሞዲቢ በሚባል የኢንተርኔት የመረጃ ቋት ላይ ተቀምጧል። ዛሬ ማታ ግባና የዚያን የፎስሚዶማይሲን ኢንዛይም ስም ፈልግ። ገጹ ላይ ጂኑ ሲሰበር ምን እንደሆነ፣ በየትኛው ደረጃ እንደሚሠራ ታገኛለህ። ከዚያ የፕሮቲኑን ቅደም ተከተል ቅዳና ከሰው ፕሮቲኖች ጋር አወዳድር። የኢንዛይሙ ቅርጽ ከነፎስሚዶማይሲኑ የተቀመጠበት ሌላ ነፃ ቋትም አለ፤ አውርደህ መድኃኒቱ የተቀመጠበትን ጉድጓድ በዓይንህ እየው። ፎስሚዶማይሲን ቶሎ የሚወጣው ለምን እንደሆነ ከኬሚካላዊ ጠባዩ ተነስተህ አስረዳ፤ ጉድጓዱ ውስጥ ሳይላላ የሚቀመጥ፣ ግን ደም ውስጥ የሚቆይ ምን ዓይነት ለውጥ ይቻላል ብለህ ጠይቅ። አማካሪህ እምቢ ካለህ ጻፍልኝ።